ስምንት ደቂቃ ግሸን ላይ ለምን አምስት ይሆናል?
የድንገተኛ ትንፋሽ ሕክምና ፊዚክስ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ ከአራቱም ማዕዘን በሚመጣ ምእመን ትሞላለች። በአምባሰል ምድር በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋችው ይህች አምባ በምእመናን ዘንድ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ቅድስት ስፍራ ናት፤ በመካከለኛው ዘመን ደግሞ የነገሥታት ልጆች ተለይተው ይጠበቁባት እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። ዙሪያዋን ገደል ከቧታል። ከኮምቦልቻ ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ ስፍራ ተነሥቶ የመጨረሻውን አቀበት በእግሩ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም፤ ትንፋሹ ያጥራል።

ለጤነኛ ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ጥቂት ዐረፍ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ራሱን ስቶ ለወደቀ፣ የአየር መንገዱ ለተዘጋበት ወይም በጠና ለታመመ ሰው ግን ከፍታው በደቂቃ የሚቆጠር ዋጋ ያስከፍላል። ለስፔሻሊቲ ፈተና የሚዘጋጁ ሐኪሞች ስለ ድንገተኛ የአየር መንገድ ሕክምና ሲያጠኑ በቃላቸው የሚይዟት አንዲት ቁጥር አለች። ጤነኛ ጎልማሳ ሳንባውን በንጹሕ ኦክስጅን ከሞላ በኋላ ትንፋሹ እንዲቆም ቢደረግ፣ የደሙ ኦክስጅን ወደ አደጋው ወሰን እስኪወርድ ድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ይገኛል ትላለች። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ሙያችን ፊዚክስ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሯ ከየት እንደመጣችና በግሸን ከፍታ ስንት እንደምትሆን ለማስላት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚበልጥ ዕውቀት አያስፈልግም። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይከተሉን።

ጎተራው

አንድ ሰው በተለመደው አተነፋፈስ አየር አውጥቶ ሲጨርስ ሳንባው ባዶ አይሆንም። በአንድ ጎልማሳ ሳንባ ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል አየር ይቀራል። ይህን ቀሪ አየር እንደ ጎተራ እንቁጠረው። ትንፋሽ ሲቆም ደም የሚቀልበው ከዚሁ ጎተራ ነው፤ ቀለቡም በዕረፍት ላይ ላለ ጎልማሳ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ገደማ ነው።

ችግሩ ጎተራው በአብዛኛው የሞላው በገለባ መሆኑ ነው። ከምንስበው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ለሕዋሳታችን አንዳች አይፈይድም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል። ሐኪሞች በሽተኛውን ከማስተኛታቸው በፊት ለሦስት ደቂቃ ያህል በደንብ የገጠመ ጭንብል አድርገው ንጹሕ ኦክስጅን የሚያስተነፍሱት ገለባውን አውጥተው በቦታው እህል ለማስገባት ነው። ጎተራው አልሰፋም፤ የያዘው ነገር ግን ተለወጠ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ብዙ ሰው «ከፍታ ቦታ ላይ ኦክስጅን የለም» ሲል ይሰማል። ይህ አባባል መታረም ይገባዋል። ግሸን ላይም ሆነ ምጽዋ ወደብ ላይ ከአየሩ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። የሚለያየው የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ለስሌታችን የግሸንን ከፍታ በግርድፉ 3000 ሜትር ብለን ብንወስድ ወደ 526 ይወርዳል። በደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው።

ሳንባ ግን የራሱ ቀረጥ አለው። የሚገባው አየር ሁሉ በ37 ዲግሪ ሙቀት በእንፋሎት ይረጥባል፤ የዚህ እንፋሎት ግፊት 47 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ይህ ቁጥር በሰውነት ሙቀት ብቻ ስለሚወሰን ከፍታ አይቶ አይቀንስም። ከ760 ላይ 47 መክፈል ቀላል ነው፤ ከ526 ላይ ያንኑ 47 መክፈል ይከብዳል። ድሃም ሀብታምም እኩል እንደሚከፍሉት ቀረጥ መሆኑ ነው። በተጨማሪም ከደም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ የራሱን ድርሻ ይይዛል፤ በባሕር ወለል 40፣ በ3000 ሜትር ላይ ደግሞ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ 34 ያህል።

ተራ አየር ለሚተነፍስ ሰው ሒሳቡ ሲዘጋ በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ የሚቀረው የኦክስጅን ከፊል ግፊት በባሕር ወለል 100፣ ግሸን ላይ 60 ገደማ ይሆናል። ንጹሕ ኦክስጅን ለሚተነፍስ ሰው ደግሞ ከ760 ላይ 47ና 40 ስንቀንስ 673፤ ከ526 ላይ 47ና 34 ስንቀንስ 445። ይህን ከፊል ግፊት በ2.5 ሊትር አባዝተን፣ ለ760 አካፍለን፣ ከ37 ዲግሪ ወደ 0 ዲግሪ ሙቀት ካስተካከልን በባሕር ወለል 1950 ሚሊ ሊትር፣ ግሸን ላይ 1290 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን እናገኛለን። ሁለቱንም ለ250 እናካፍል። የመጀመሪያው 7.8 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 5.2 ደቂቃ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ «ስምንት ደቂቃ» የባሕር ዳርቻ ሰው ስምንት ደቂቃ ነው ማለት ነው፤ መጻሕፍቱም በአብዛኛው የተጻፉት ለባሕር ወለል በቀረቡ ከተሞች ነው።

አምስት ደቂቃ ብዙ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይህ የጤነኛ ሰው ሒሳብ መሆኑን ያስታውስ። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ያለች እናት የሳንባዋ ጎተራ አንድ አምስተኛ ያህል ይጠብባታል፤ የኦክስጅን ፍጆታዋ ደግሞ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። 5.2ን በ0.8 አባዝተን ለ1.2 ብናካፍል ሦስት ደቂቃ ተኩል ይቀራል። ሕፃን ልጅ በኪሎ ግራም ክብደቱ ሲሰላ የሚፈጀው ኦክስጅን የዐዋቂውን እጥፍ ያህል ነው። በሳንባ ምች የተያዘ፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ከዚህም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው።

ደማችንም አምባ አለው

ደም ኦክስጅንን የሚሸከመው በሂሞግሎቢን ነው። የኦክስጅን ግፊት በአግድም፣ የሂሞግሎቢን ሙሌት በቁም ሆኖ ግራፍ ሲሠራ የሚወጣው መስመር አምባ ይመስላል ብንል አላጋነንም፤ ከላይ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ከዳር ድንገተኛ ገደል። ግፊቱ ከ100 ወደ 70 ቢወርድ ሙሌቱ ከ97 ወደ 94 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል፤ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አይደለም። 60 ላይ ሲደርስ 90 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ያልቃል። ግፊቱ 40 ሲሆን 75፣ 27 ሲሆን 50 በመቶ።

በባሕር ወለል የሚኖር ሰው ከገደሉ አፋፍ ርቆ ሜዳው መሐል ቆሟል። ግሸን ላይ ተራ አየር የሚተነፍስ እንግዳ ግን ግፊቱ 60 ስለሆነ አፋፉ ላይ ነው። ትንፋሹ ቢቆም ወይም የአየር መንገዱ ቢዘጋ መንሸራተት የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው። «ቅድሚያ ኦክስጅን ስጥ» የሚለው ትእዛዝ በደጋ አገር ከቆላው ይልቅ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «የደጋ ሰውስ አልለመደውም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አግባብ ነው። ጥያቄው ለሳይንስም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ፣ 3530 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። የወንዶቹ አማካይ ሂሞግሎቢን በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፣ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅ ባለ አገር ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ማለት ነው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሂሞግሎቢናቸውን በማብዛት ከፍታን ይቋቋማሉ። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሂሞግሎቢናቸው ሳይበዛ በዝቅተኛ ሙሌት ይኖራሉ። የእኛ ሰዎች ሦስተኛ መንገድ ያላቸው መሰለ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ጉዳዩን ውስብስብ አድርገውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የዘረመል ጥናት በከፍታ የሚኖሩ አማሮች ዝቅ ባለ ስፍራ ከሚኖሩት ያነሰ ሙሌት እንዳላቸው አሳይቷል። ክርክሩ ለባዮሎጂ ባልደረቦቻችን ይቆየን። ለእኛ ስሌት የሚበቃን አንድ ነገር ነው፤ ትንፋሽ ሲቆም ጎተራው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን የሚወሰነው በግፊት እንጂ በዘር አይደለም።

ምላስ፣ ቧንቧና አራተኛ ኃይል

ራሱን በሳተ ሰው ላይ የአየር መንገድን ከሚዘጉ ነገሮች ቀዳሚው ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ሳይሆን የገዛ ምላሱ ነው። ጡንቻዎቹ ሲላሉ ምላስና ለስላሳው የጉሮሮ ሥጋ በስበት ኃይል ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ለዚህ የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። በጀርባው የተኛውን ሰው ግንባር በአንድ እጅ ወደ ኋላ ዘንበል፣ አገጩን በሌላው እጅ ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነው። ምላስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አገጭ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። የአንገት አጥንት ጉዳት የሚያሠጋ ከሆነ ጭንቅላቱን ሳያዘነብሉ መንጋጋውን ብቻ ከሁለት ወገን ወደ ፊት መግፋት ይመረጣል። የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ በጎኑ ማስተኛት፣ ያን ጊዜ ስበት ምላሱንም ትውከቱንም ወደ ውጭ ይወስደዋል። በአገራችን የተለመደው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሲወድቅ መክበብ፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውሃ በአፉ ማንቆርቆር። ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ አይችልም። በአፉ የገባው ውሃ፣ ጠበልም ቢሆን፣ መንገዱ ወደ ሳንባ ሊሆን ይችላል። በፊትና በሰውነት ላይ መርጨትና በአፍ ማፍሰስ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪዎቻችን ለቤተሰቦቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው።

ወደ ፊዚክሱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ፖይዞይ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽን መርምሮ ያገኘው ሕግ፣ ፍሰቱ ዝብርቅርቅ እስካልሆነ ድረስ የቱቦ ተቃውሞ በራዲየሱ አራተኛ ኃይል ተገላቢጦሽ እንደሚለወጥ ይናገራል። የአንድ ጨቅላ የአየር ቧንቧ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በሕመም ምክንያት ግድግዳው ዙሪያውን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ የቀረው ስፋት 2 ይሆናል፤ ስፋቱ በግማሽ ስለቀነሰ ተቃውሞው 16 እጥፍ ይጨምራል። ያው አንድ ሚሊ ሜትር እብጠት 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ ላይ ቢደርስ ስፋቱ 6 ይሆናል፣ ተቃውሞውም የሚጨምረው ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ልጅ ሲተነፍስ ጉሮሮው ሲጮህ፣ የጎድን አጥንቶቹ መሐል ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ማደር የማይገባው ለዚህ ነው። የልጁ መፍራትና ማልቀስ ደግሞ ፍሰቱን ዝብርቅርቅ ያደርገዋል፤ በእንዲህ ያለ ፍሰት ተቃውሞው ከአራተኛ ኃይልም ያልፋል። ስለዚህ የተረበሸን ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ መመርመር ከደግነት በላይ ነው፤ የፈሳሽ መካኒክስ ትእዛዝ ነው።

ይኸው ሕግ ሐኪሞች ከሁሉ በላይ የሚፈሩትን ሁኔታ ይገዛል። ይኸውም ቱቦ በአፍ ማስገባት አልተቻለም፣ በጭንብልም ኦክስጅን ማድረስ አልተቻለም የሚባልበት ቅጽበት ነው። የቀረው መንገድ በማንቁርት ፊት ለፊት ያለውን ስስ ሽፋን ከፍቶ መግባት ነው። በወፍራም መርፌ ነው ወይስ በቢላ? ውስጣዊ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ መርፌና 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በእኩል ርዝመት ቢነጻጸሩ ስፋታቸው በሦስት እጥፍ ይለያል፤ ሦስት በአራተኛ ኃይል 81 ነው። የእንግሊዝ የአየር መንገድ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂዎች ቢላና 6 ሚሊ ሜትር ቱቦን መምረጡ የፊዚክስ ተማሪን አያስደንቅም፤ በእርግጥ ከተቃውሞው ሌላ ምክንያቶችም ነበሩት። ይህ የሠለጠነ ሐኪም ሥራ መሆኑን ግን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

በእጅ የሚጨመቀው ከረጢት

እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም በሽተኞቹ ጉሮሯቸው ተከፍቶ በገባ ቱቦ በኩል በእጅ ከረጢት አየር እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀረበ። 1500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ ለሳምንታት ከረጢት ሲጨምቁ ቆዩ፤ ሟቾቹም በእጅጉ ቀነሱ። አንባቢዎቻችን ተማሪዎች ስለሆኑ ይህን ታሪክ መዝለል አልፈለግንም። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው ዴንማርክ ሩበንና ሄሰ የተባሉ ሰዎች ሲለቁት በራሱ ተመልሶ የሚነፋ ከረጢት ለገበያ አበቁ። ከሲሊንደር ጋር ሳይያያዝ በተራ አየርም ይሠራል። ዛሬ በየጤና ተቋማችን «አምቡ ባግ» የሚባለው ይኸው ነው።

አጠቃቀሙ ግን ልምድ ይጠይቃል። በድንጋጤ በኃይል የሚጨምቅ እጅ አየሩን ወደ ጨጓራ ይልካል። የጉሮሮ ቧንቧ የላይኛው በር ከ20 ሳንቲ ሜትር የውሃ ዓምድ በሚበልጥ ግፊት መከፈት ይጀምራል፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከታች ላይ ከሚያሳርፈው ግፊት የማይበልጥ መሆኑ ነው። የተነፋ ጨጓራ ያስመልሳል፣ ትውከት ደግሞ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ መጭመቅ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ሰው ሳይተነፍስም ኦክስጅን ወደ ሳንባው ሊፈስ ይችላል። ደም በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ሲወስድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በደም ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ወደ ሳንባ የሚመለሰው ጥቂት ብቻ ነው። በመሆኑም በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በትንሹ ያንሳል፤ የአየር መንገዱ ክፍት ከሆነም ከአፍንጫ የሚፈሰው ኦክስጅን በራሱ ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመ አንድ ጥናት ሰመመን የተሰጣቸውና ትንፋሻቸው የቆመ ስምንት ሰዎች ከ18 እስከ 55 ደቂቃ ድረስ ኦክስጅናቸው ሳይወርድ መቆየታቸውን መዝግቧል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን መውጫ ስለሚያጣ ይከማቻል፣ ደምም ይኮመጥጣል። ዘዴው ጊዜ መግዣ እንጂ የትንፋሽ ምትክ አይደለም። ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ሲሞክሩ በአፍንጫ ኦክስጅን እየፈሰሰ እንዲቆይ የሚያደርጉት ከዚህ በመነሣት ነው።

ጣት ላይ የምትታሰረው መብራት

የደምን ሙሌት ያለ መርፌ የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ሐሳብ የተወለደ ነው። 660 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይና 940 ናኖ ሜትር የሆነ ታሕተ ቀይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያልፋሉ። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ሂሞግሎቢን ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ይውጣሉ። የአኦያጊ ብልሃት ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ክፍል ብቻ መለየቱ ነበር፤ ቆዳ፣ አጥንትና ሥጋ ስለማይለዋወጡ ከሒሳቡ ይወጣሉ ተብሎ ታሰበ።

ሙሉ በሙሉ ግን አይወጡም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካነበበላቸው በሽተኞች መካከል በደም ምርመራ ሙሌታቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ እንደነበር አስታውቋል። የቆዳ ቀለም የብርሃኑን መንገድ ይነካል ማለት ነው። ይህ ግኝት ከማንም በላይ የሚመለከተው እኛን ነው። ከዚህ ላይ የግሸንን ከፍታ ይጨምሩበት፤ አፋፍ ላይ የቆመን ሰው ከአፋፉ ርቆ እንደቆመ አድርጎ የሚነግር መሣሪያ አደገኛ መሪ ነው። ቢሆንም መሣሪያው ከሌለ ይልቅ ቢኖር ይሻላል፤ ቁጥሩን ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር አዛምዶ ማንበብ ያስፈልጋል እንጂ።

በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና እንደ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ የጀመረው በቅርቡ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹን ሬዚደንቶች የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን እየተመላለሱ አግዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡት በ2013 ነው። ከሆስፒታል ውጭ ደግሞ የሰመመን ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ጠብታ አምቡላንስ በግል ደረጃ መንገድ ከፋች ሆኗል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2500 ሜትር። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ለፈተና የሚቀመጥ ሐኪም ከመጽሐፉ ቁጥር ጎን የራሱን አገር ቁጥር ቢያሰላ ለበሽተኛው ይጠቅመዋል።

የመጨረሻውን ስሌት በቦይል ሕግ እንሥራ። በአምቡላንስ የሚጫን አነስተኛ ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር የታመቀው ጋዝ ሲለቀቅ 680 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሰጣል። በጠና የታመመ ሰው ከረጢት ባለው ጭንብል በደቂቃ 15 ሊትር ቢሰጠው ሲሊንደሩ በ45 ደቂቃ ያልቃል። ከግሸን እስከ ደሴ ያለው የመኪና መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ተራራማ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተነዳ የሚሄድ አምቡላንስ በ45 ደቂቃ ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን ደሴ ለመግባት ገና 50 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።